የቅናሹ ቴሌቪዥን

ሥራዬ ሰው የገዛውን ዕቃ ይዞ ሲመጣ «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ነው። ከሱፐርማርኬቱ መግቢያ በስተግራ፣ ጋሪዎቹ ከሚቆሙበት አጠገብ፣ «ተመላሽ» የሚል ጽሑፍ የተንጠለጠለበት ባንኮኒ አለ፤ እኔ ከኋላው እቆማለሁ። ሱፐርማርኬታችን የቅናሽ ነው። ዘይትና ሳሙና ከተደረደሩበት መተላለፊያ ጫፍ ላይ ቴሌቪዥን፣ ካውያ፣ ጁስ መፍጫና የውሃ ማፍያ ይከመራሉ። ሰው ሳሙና ሊገዛ ይገባና ቴሌቪዥን ተሸክሞ ይወጣል። ከዚያ ጥቂት ሰንብቶ ቴሌቪዥኑን እንደተሸከመ እኔ ዘንድ ይመጣል።

ሰዎቹን እጠላቸዋለሁ ማለቴ አይደለም፤ አላምናቸውም እንጂ። ውሃ ማፍያው ውስጥ ወተት አፍልቶ፣ ታቹ አርሮ ከሰል መስሎ፣ «እንዲህ ሆኖ ነው የሸጣችሁልኝ» የሚል አለ። ጁስ መፍጫው ውስጥ የበር ቁልፍ ጥላ «ድምፁ ደስ አላለኝም» ያለችኝ አለች። አንዱ ደግሞ የፀጉር ማድረቂያ አምጥቶ ሚስቱ ጥላው ስለሄደች እንደማያስፈልገው ነገረኝ፤ ደረሰኙን ይዞ ስለነበር ተቀበልኩት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ያለው ሰው አንድ ጊዜ ባንኮኒ ላይ ሳይቆም አልቀረም።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ዕቃውን ሶኬት ላይ እሰካለሁ፣ ማብሪያውን እጫናለሁ፣ ዙሪያውን አያለሁ። ከኋላው አንዱ ብሎን ላይ የተለጠፈች ትንሽ ወረቀት አለች፤ እሷ ካልተላጠች ማንም አልከፈተውም ማለት ነው። ጥፋቱ የፋብሪካው ከሆነ አረንጓዴ ይለጠፍበታል፤ ደንበኛው አዲስ ይወስዳል ወይም ገንዘቡን ይቀበላል። ሰውየው ራሱ ሰብሮት ወይም ከፍቶት ከሆነ ቀይ ይለጠፍበትና እንዳመጣው ይዞት ይሄዳል። ቀይ ለጥፌበት ሳይሰድበኝ የሄደ ሰው ትዝ አይለኝም። ስድቡን ለምጄዋለሁ።

አባቴ እዚህ ሱፐርማርኬት ገብቶ አያውቅም ነበር። የቴሌቪዥን ጠጋኝ ነበር። ይቺን «ነበር» የምትባል ቃል እሱ ፊት የሚደፍራት የለም። ሰው ማስጠገን ትቶ አዲስ መግዛት ሲለምድ ወደ ሱቁ የሚመጣው ወሬ ሊያወራ እንጂ ሊያሠራ አልሆነም፤ በመጨረሻም ዘጋው። መሣሪያዎቹ ወደ ቤት ገብተው ከሳሎኑ መስኮት ሥር አንድ ጠረጴዛ ያዙ። ሰፈሩ ግን እስካሁን «ዶክተር» ነው የሚለው፤ የሞተ ያስነሳል ለማለት ነው። ሱቁ ሄዷል፣ ደንበኛው ሄዷል፣ የቀረችው ያቺ ስም ናት። እናቴም እኔም ስሟን እንደ እንቁላል ነበር የምንይዛት።

ቤታችን የነበረውን ቴሌቪዥን እሱ ራሱ ከሞቱ ቴሌቪዥኖች ገጣጥሞ ነው የሠራው። ወገቡ ሰፊ ነው፤ ሁለት ሰው ካልተጋገዘ አይነሳም። ጉድለቱ አንድ ብቻ ነው፤ ሰው ሁሉ አረንጓዴ ይሆንበታል። ዜና አንባቢው አረንጓዴ፣ ኳስ ተጫዋቹ አረንጓዴ፣ ሙሽራዋ ከነቬሏ አረንጓዴ። አባቴ «ሲሞቅ ይለቃል» ይላል። ሲሞቅ ቢጫ ይሆናል።

እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። ቀኑን ሙሉ ክር ከጨርቅ ጋር ስታስተያይ የምትውል ሴት፣ «ይሄ ቡኒ አይደለም፣ ደረቅ ቅጠል ነው» ብላ ከደንበኛ ጋር የምትከራከር ሴት፣ ስታርፍ ደግሞ አረንጓዴ ሰው ማየት መረራት። አንድ ቀን ለሳሙና ብላ እኛ ዘንድ መጣችና የቅናሹን ቴሌቪዥን ገዝታ በታክሲ ጭናው ሄደች። እኔ እንኳ የሰማሁት ቤት ስገባ ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ ነበር አባቴ ካርቶኑን ሲያየው።

«ቴሌቪዥን ነው።»

«ቴሌቪዥን አለን።»

«አለን። አረንጓዴ።»

አባቴ በሁለት እጁ ብድግ አደረገው። «ውስጡ ባዶ ነው እንዴ?» አለ። ከዚያ በኋላ ስለሱ አንድ ቃል አልተናገረም፤ ዝም አይነቅዝም እንዲሉ። ግን ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም የሚለው ተረት በሆዱ ሲመላለስ ይታየኝ ነበር። እናቴ አሮጌውን ለዕቃ ሰብሳቢ ስትሰጠው እንኳ ትንፍሽ አላለም። አዲሱ ሲከፈት ወንበሩን አዙሮ ጀርባውን ሰጥቶት ይቀመጣል፤ ቀልድ ሲመጣ ግን ትከሻው ይስቃል።

ቴሌቪዥኑ ብዙ አልቆየም። አንድ እሑድ ከሰዓት እናቴ ተከታታይ ድራማዋን ስታይ ስክሪኑ ድርግም ብሎ ጠፋ። ድምፁ ግን አለ፤ ሰዎቹ ጨለማ ውስጥ መጨቃጨቃቸውን ቀጠሉ። አባቴ ወንበሩን አዞረ። ፊቱ ላይ ያየሁትን ነገር ደስታ ከማለት ሌላ ስም አላገኝለትም። መጋረጃውን ዘጋ፣ የእጅ ባትሪውን አመጣ፣ ብርሃኑን ስክሪኑ ላይ አስጠግቶ ያዘው። ደብዘዝ ብለው፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ሲንቀሳቀሱ ታዩ።

«አያችሁ? ምስሉ አለ። ሰዎቹ እዚያው ናቸው። የሞተው ከኋላ የሚያበራላቸው መብራት ነው። ተራ ነገር ነው፤ አሁኑኑ አስነሳዋለሁ» አለና ካቻቢቴውን አነሳ።

«አባዬ፣ እንዳትነካው! ወረቀቷ ከተላጠች አይመለስም። የሱፐርማርኬቱ መኪና ከነገ ወዲያ በዚህ ያልፋል፤ እኔ እወስደዋለሁ።»

«ልጄ፣ እኔ ቁጭ ብዬ ቴሌቪዥን ከዚህ ቤት ተጭኖ ሌላ ቦታ ይሄዳል?»

«አሠራሩ ነው» አልኩት።

ይቺን ቃል ባንኮኒው ላይ ስላት ነው የምውለው፤ ቤት ውስጥ ስላት ግን የመጀመሪያዬ ነው። ካቻቢቴውን መልሶ አስቀመጠው። ነገሩ አለቀ ብዬ ተኛሁ፤ በማግስቱም ሥራዬ ገባሁ።

ያን ዕለት ከምሳ በፊት ቀና ስል እናቴ ወረፋ ላይ ቆማለች። ከኋላዋ አባቴ ካርቶኑን እንደ ሕፃን ታቅፎታል። ከበሩ ጀምሮ ዓይኑ ጣሪያው ላይ ነው።

«ምነው? ነገ እወስደዋለሁ አላልኩም?»

«ምን ያቆየዋል? ታክሲ ያዝንና መጣን» አለች እናቴ። «ማንም አልነካውም። አባትሽ እጁን ኪሱ ከቶ ነው ያረፈደው።»

ማን ነካው ብሎ የጠየቃት አልነበረም። ካርቶኑን ከፈትኩ። ዕቃ የሚመልስ ሰው ነጩን ፎም በቦታው መልሶ አያውቅም፤ ሰባብሮ ይጠቀጥቀዋል። ይሄኛው ከፋብሪካ እንደወጣ ተገጣጥሟል፤ ሽቦው ተጠቅልሎ ታስሯል፣ ሪሞቱ በላስቲኩ ውስጥ ነው። መጠርጠር የነበረብኝ እዚያ ላይ ነው። ወረቀቷ ብሎኑ ላይ አለች። አባቴ እንዴት አድርጎ ልጦ እንደመለሳት እስካሁን አልነገረኝም። ሶኬት ላይ ሰካሁት፤ ድምፅ አለ፣ ምስል የለም። ከወላጆቼ ኋላ ቬንትሌተር ሊመልስ የቆመው ሰውዬ «አይ የቅናሽ ነገር!» ብሎ ከንፈሩን መጠጠ።

እኔም ትናንት የተማርኩትን ልሞክር ብዬ ከመሳቢያው የእጅ ባትሪ አውጥቼ ስክሪኑ ላይ አበራሁ። ሰዎቹ አሉ። ግን ከግራ በኩል ከታች፣ ከማዕዘኑ ተነስቶ እስከ መሐል ድረስ፣ ስክሪኑ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። መነሻው ላይ ክርን የሚያህል ጥቁር እድፍ አለ።

ክው አልኩ። እንዴት እንደሆነ ለማወቅ ማንንም መጠየቅ አላስፈለገኝም። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ቴሌቪዥን ሲከፍት ፊቱን ፍራሽ ላይ ይደፋዋል፤ ጠንካራ ብሎን ሲገጥመው በክርኑ ይደገፍበትና ይፈታዋል። የድሮው መስታወት ሰው ቢቆምበትም ግድ የለው። ይሄኛው እንደ ብስኩት ነው። መብራቱ ሲሞት ስክሪኑ ጥቁር ስለሆነ ስንጥቁ በባዶ ዓይን አይታይም፤ ይህን ደግሞ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

አዘንኩለት። ተናደድኩበትም። ያልከፈተው ቢሆን ኖሮ ያለ አንድ ጥያቄ አረንጓዴ የሚለጠፍበት ዕቃ ነበር። ቀና ብዬ ሳየው አሁንም ጣሪያውን ያያል፤ እናቴ ደግሞ ስለ ታክሲው ሾፌር ጠባይ ለባለ ቬንትሌተሩ ታወራለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ባትሪውን አጠፋሁና ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩት። ልዋሽ ብዬ አልወሰንኩም፤ ላለማየት ነው የወሰንኩት።

የዘመድ ዕቃ ራሳችን አንቀበልም፤ ተቆጣጣሪ መጥራት አለብን። የእኛን ተቆጣጣሪ «አቶ አሠራር» ነው የምንለው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ደንበኛ ፊት ሲቆም ግን ንግግር ይወዳል። መጣ፣ ማብሪያውን ተጫነ፣ ዙሪያውን ዳሰሰ፣ ወረቀቷን በጥፍሩ ነካ ነካ አደረጋት።

«ንፁህ ነው። አልተነካም» ብሎ አረንጓዴውን ጥቅል አነሳ። «አይዞዎት አባባ። ደግሞ እኛ ዝም ብለን አናልፈውም። የዕቃው ቁጥር ፋብሪካ ይላካል። የትኛው ሠራተኛ እንደገጣጠመው ያውቁታል፤ ከደመወዙ ይቆርጡታል። ሁለተኛ አይለምደውም!»

እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ተመላሽ ዕቃ ሁሉ ጓሮ ተከምሮ ዝናብ ነው የሚመታው። አቶ አሠራር ደንበኛውን ደስ ያሰኘ መስሎት ነው።

አባቴ ዓይኑን ከጣሪያው አወረደ። «ማንን ነው የሚቆርጡት?»

«የገጣጠመውን ልጅ ነዋ።»

«እንሂድ በቃ፣ ጨርሶልናል» አለች እናቴ፤ እጅጌውን ይዛ።

«ቆይ ልጄ። አትለጥፍ» አለ አባቴ። የእጅ ባትሪውን ከባንኮኒው ላይ ራሱ አንስቶ አበራውና ማዕዘኑ ላይ ያዘው። «መብራቱ የእነሱ ጥፋት ነው። ስንጥቁ ግን የእኔ ነው። ከፍቼው ነበር።»

አቶ አሠራር ጎንበስ ብሎ አየ። ወረፋው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። እናቴ እጅጌውን አልለቀቀችም።

«ለምን ከፈቱት አባባ?»

«ጠጋኝ ነኝ» አለ። ባትሪውን አጠፋ። «ነበርኩ።»

አቶ አሠራር አረንጓዴውን አስቀምጦ ቀዩን ለጠፈና ደረሰኙን ለእናቴ መለሰላት። ባለ ቬንትሌተሩ «ዝም ቢሉስ ምን ነበረበት?» ብሎ አጉረመረመ። አባቴ ፎሙን በቦታው አገጣጠመ፣ ሽቦውን ጠቀለለ፣ ካርቶኑን ዘግቶ ታቀፈው። እኔ ላይ ዓይኑን ሳያሳርፍ ወጣ። ምናለ በሰደበኝ አልኩ።

ታክሲ እስኪያገኙ ተከትያቸው ወጣሁ። እሱ ወደፊት ራቅ ብሎ ቆመ። እናቴ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

«ቀጭ ሲል ሰምቼዋለሁ። የስፌት መኪናዬ ላይ ነበርኩ፤ እግሬ ቀጥ አለ። ከዚያ እንዳልሰማ ሆኜ መስፋቴን ቀጠልኩ።»

«ታዲያ ለምን ማንም አልነካውም አልሽ?»

«ምን ልበል? ዶክተሩ በሽተኛውን ገደለው ልበል?»

ያን ሳምንት አባቴ ከመስኮቱ ሥር ያለውን ጠረጴዛ አፀዳ። ካቻቢቴውን፣ ፒንሳውን፣ መበየጃውን፣ ሽቦና ቴፑን አንድ ሣጥን ውስጥ ከትቶ አልጋው ሥር አስገባው። የተሰነጠቀውን ቴሌቪዥን ማን ወዴት እንዳደረገው አላየሁም። ጎረቤታችን የተበላሸ ምድጃዋን ይዛ መጥታ በሩ ላይ «ዶክተር አሉ?» ስትል እሱ ራሱ ከውስጥ «የለም» አላት። ሴትዮዋ ድምፁን ስታውቀው ግራ ገብቷት ምድጃዋን ይዛ ተመለሰች። የኩሽናው መብራት ብልጭ ድርግም ሲል «ባለሙያ ጥሩ» አለን። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

ይለፍለታል አልኩ። አላለፈለትም። ጠዋት ተነስቶ ባዶው ጠረጴዛ አጠገብ ይቀመጣል፤ እጆቹን ጉልበቱ ላይ ያደርጋቸዋል፣ ያነሳቸዋል፣ መልሶ እዚያው ያደርጋቸዋል። ሲጠየቅ ይመልሳል፣ ሲቀርብለት ይበላል፣ ያመሰግናል። በተለይ ማመስገኑ እናቴን አስፈራት።

«እንግዳ ሆነብኝ እኮ» አለችኝ። «ሰው በገዛ ቤቱ ‹እግዜር ይስጥልኝ› እያለ ይኖራል?»

እኔም ፈርቼ ነበር። ደሞዜን አጠራቅሜ ሌላ ቴሌቪዥን ልግዛ ስላት በንዴት አየችኝ። «እኔ ቴሌቪዥን ጠፋኝ አልኩሽ?»

በዕረፍት ቀኔ ሳሎን ጋደም ብዬ ነበር። እናቴ ስትሰፋ የምትሰማት ትንሽ ሬዲዮ አለቻት። እንቅልፍ የወሰደኝ መስሏት ሬዲዮዋን ዘጋች፣ ከኋላ ከፈተቻት፣ ባትሪ ድንጋዮቹን አውጥታ ገልብጣ ከተተቻቸው። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ኧረ ሬዲዮዬ ሞተች!» አለች።

«ልጅሽ ትመልሳት» አለ አባቴ ከወንበሩ።

«ከልጄ በዕድሜ የምትበልጥ ሬዲዮ ማን ይቀበላታል?»

«እንግዲያው ባለሙያ ጥሪ።»

«የምጠራው ባለሙያማ እዚህ ተጎልቷል።»

አባቴ ተነሳ። ከፍቶ አየ፤ ድንጋዮቹን መልሶ ገለበጣቸው፤ ሬዲዮዋ ዘፈነች። «ተገልብጦ ነው» ብሎ አስቀመጠላትና እጁን ጉልበቱ ላይ ሊያደርግ ሄደ። ካቻቢቴ እንኳ አላስፈለገውም። እናቴ ከንፈሯን ነክሳ ወደ መኪናዋ ተመለሰች፤ በራሷ ተናዳ ነበር።

በማግስቱ ከሥራ ስገባ ካውያዋን ይዛ አባቴ ፊት ቆማለች። ደንበኛ ልትወስደው የመጣችው ቀሚስ ሳይተኮስ መተኮሻ ጠረጴዛዋ ላይ ተዘርግቷል፤ ደንበኛዋም በሩ አጠገብ ተቀምጣ ትጠብቃለች።

«ሽቦው ተቆረጠ» አለችው።

አባቴ የሽቦውን ጫፍ አንስቶ ወደ ብርሃን ያዘው። የጨርቅ መቀስ የቆረጠው ነገር ያስታውቃል፤ ቀጥ ያለ ነው፣ ጫፉ ላይ አንድ ክር እንኳ አልተንጨፈረረም። ሌላኛውንም ጫፍ አየ። ከዚያ አያት። እናቴ ዓይኗን ከቀሚሱ ላይ አላነሳችም፤ ጆሮዋ ግን ቀልቷል።

አጎንብሶ ሣጥኑን ከአልጋው ሥር ጎተተ። ቢላዋውንና ጥቁሩን ቴፕ አወጣ፣ ሽቦውን ላጠ፣ ጠመዘዘ፣ ጠቀለለ። ካውያው ሲግል ምራቁን በጣቱ ነክቶ ሞከረውና ሰጣት።

«አይጥ ናት» አላት።

«አይጥማ ናት» አለች እናቴ፤ ቀሚሱን እየተኮሰች።

አባቴ ሣጥኑን ወደ አልጋው ሥር ሊገፋው ጎንበስ አለና ተወው። ብድግ አድርጎ ከመስኮቱ ሥር ባዶው ጠረጴዛ ላይ አኖረው። «ይቺ አይጥ ሌላም ነገር ሳትቆርጥ አትተወኝም» እያለ መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ ያወጣ ጀመር።